ለሙት ስልክ የተላከ መልእክት

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂዋ ቡርማካን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ የሚጠብቁ ልጆችን ስም በእጇ ስትጽፍ ኖራለች። መጽሐፍ ሲመለስ ባለተራውን ክፍሉ ድረስ ሄዳ ትጠራዋለች፤ ከቀረም በጎረቤት ልጅ ትልክበታለች። ጉልበቷ ሲደክም በናሪን ከተማ ያለው ትምህርት ቤቷ ኮምፒውተር አስገባላት። መጽሐፍ ሲመለስ እሱ ራሱ ወደ ባለተራው ቤተሰብ ስልክ መልእክት ይልካል፤ በሦስት ቀን ያልመጣ ልጅ ተራው ያልፈዋል። ስልክ ቁጥሮቹን የሞላችው እሷ ናት፤ ከአሮጌ መዝገብ፣ ማንንም ሳትጠይቅ። ይህ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ማክሰኞ ጠዋት መጽሐፍ ስትጠብቅ የነበረችው የአይዳይ እናት አናርካን በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ባሏ ሩሲያ ለሥራ ሄዶ ከሕንፃ ወድቆ ሬሳው ከመጣ ዓመት አልሞላውም። በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ኤጄ፣ ባሌን ምን ፈልገውት ነው?» አለች፤ በአገሩ ታላቅ ሴት ሁሉ ‹ኤጄ›፣ እህቴ፣ ትባላለች።

«ማንን?»

«ሐሙስ ለነፍሱ ሊጥ በዘይት እየጠበስኩ፣ ሽታው ይድረሰው እያልኩ፣ ስልኩ ጮኸ። ዛሬም ቻርጅ አደርግለታለሁ። የመለሰልኝ መስሎኝ መጥበሻው ከእጄ ወደቀ! አጥፍቼ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ዛሬ ልጄ ከፍታ ብታነበው ‹መጽሐፍሽ ደርሷል› ይላል። እናንተ መቃብር መልእክት ትልካላችሁ?»

ቡርማካን ኮምፒውተሩን አየች። አይዳይ ከተራው ወጥታለች። ስትጠብቀው የነበረውን የፊዚክስ መጽሐፍ ትናንት ቀጣዩ ባለተራ ኤርቦል ወስዶታል። ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

«ማሽኑ ነው» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ማሽኑ የታዘዘውን ሠራ፤ የሞተውንና ያለውን መለየት የሰው ሥራ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው? የበጌ?»

ቡርማካን ካፖርቷን ደርባ ሄዳ ኤርቦልን ከክፍል አስጠራችው፤ መጽሐፉን ለአይዳይ እንዲሰጣት ጠየቀችው።

«አልሰጥም ኤጄ። ተራዬን ጠብቄ ነው የወሰድኩት።»

«ልክ ነህ። ልነጥቅህ አይደለም፣ ልለምንህ ነው።»

«እርስዎ? ጮክ ብለን ስንስቅ በማስመሪያ የሚመቱን?»

«መታሁ። አሁን ደግሞ እለምናለሁ።»

የሐሙሱን ነገር፣ ስለ መጥበሻውም፣ ምንም ሳታስቀር ነገረችው።

«የእኔም መልእክት የሄደው ሩሲያ ነው» አለ ልጁ። «አባቴ ነው ደውሎ ‹ሂድ ውሰድ› ያለኝ።»

ሁለት አባቶች ወደ አንድ አገር ሄዱ፤ አንዱ ደወለ።

«ከሰዓት ከሰዓት እርስዎ ጋ ከአይዳይ ጋር አብረን እናንብበው» አለ ኤርቦል። «መጽሐፉ ቤቷ ግን አይሄድም።»

«ይበቃል።»

በዚያው ቀን ሁለቱ ልጆች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ቡርማካን የኮምፒውተሩን መልእክት አስቁማ፣ የሦስት መቶ ልጆችን ዝርዝር ይዛ በየቤቱ መደወል ጀመረች። «ይህ ስልክ ያለው ማን እጅ ነው?» እያለች። አንዷ ሳቀችባት፤ አንዷ አለቀሰች፤ አንዱ ቤት ማንም አላነሳም፤ እሱን በእግሯ ልትሄድበት ለብቻው ጻፈችው።

«ጨረስሽ?» አለ ኤርቦል።

«ገና» አለች አይዳይ። ገጹን በጣቱ ይዞ ጠበቃት።