አንድ ትንፋሽ የሚፈጅ ቁልፍ

አቶ ገሰሰ ከራሳቸው የለቅሶ ድንኳን የደረሱት፣ አትላስ አካባቢ ካለው ጸጉር አስተካካያቸው ዘንድ ተላጭተው ሲመለሱ ነው። ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ግድም ነበር፤ ስልካቸውን ቤት ረስተው ነው የወጡት። በእኛ በቦሌ ቡልቡላው ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎክ አሥራ ሁለት ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ሴቱ ነጠላውን ዘቅዝቆ ሲገባ ተመለከቱ። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ማን እንደሞተ መጠየቅ ነውር ነውና፣ እሳቸውም መጀመሪያ ገብተው በወጉ አለቀሱ። የዕድራችን ሊቀመንበር እንደመሆናቸው በለቅሶ ከማንም ማነስ አይወዱም። እንባቸውን ጠርገው ከተቀመጡ በኋላ ብቻ፣ ከጎናቸው ያለውን አዲስ ነዋሪ በሹክሹክታ ጠየቁት።

«ሊቀመንበሩ ናቸው ይላሉ» አላቸው ሰውየው። «እኔ በመልክ አላውቃቸውም። ስብሰባ ግን በጣም ያስረዝሙ ነበር አሉ።»

በመልክ የሚያውቋቸውማ ድንኳኑ ውስጥ አልነበሩም። ወደ ሳሊተ ምሕረት ሰፈር ሄደው፣ እህታቸውን ሊጠይቁ የሄዱትን የአቶ ገሰሰን ባለቤት መርዶ ሊያረዱ ተሰብስበው ነበር። መርዶ በድንገት አይነገርምና፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዝናቡና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያጫውቷቸው ቆዩ። ለሟቹ ስልክ ደውሎ ማጣራት ለማንም ትዝ አላለውም፤ ለሞተ ሰው ማን ይደውላል? እኔ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ስገባ ሟቹ አዲስ እንደተላጩ ተቀምጠው አየኋቸው። በዕድሜዬ ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ ሟች ራሱ መጥቶ፣ አልቅሶ፣ ስለ ራሱ የሚባለውን ሲያዳምጥ ያየሁት ግን እዚሁ ቡልቡላ ነው።

ጥፋቱ የምክትል ሊቀመንበሩ የአቶ ፀጋዘአብ መሐረብ ነበር። ይህን ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል።

እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ በዕድራችን ሞት የሚነገረው በኦቦ ምልኬሳ ጡሩምባ ነበር። ኦቦ ምልኬሳ ብሎኮቹ ሳይሠሩ በፊት የዚሁ መሬት ገበሬ ነበሩ፤ ብሎክ አሥራ ሁለት የቆመው ሽምብራ ይዘሩበት በነበረው ማሳ ላይ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት ጡሩምባ ነፍተዋል። መንደሩ ወደ ላይ ሲያድግ ግን ሥራቸውም አብሮ ወደ ላይ አደገ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱን ዘግቶ ቴሌቪዥን ለሚመለከት ሰው ጡሩምባ አይሰማውም። ስለዚህ ከነፉ በኋላ ሊፍት የሌላቸውን ሠላሳ አንድ ብሎኮች በእግራቸው እየወጡ በር ያንኳኩ ጀመር። በመጨረሻ ሐኪሙ ጉልበታቸውን አይቶ፣ ከእንግዲህ አንድ ዓመት ደረጃ ከወጡ በምርኩዝም ቢሆን እንደማይራመዱ ነገራቸው። እሳቸው ሐኪሙን አመስግነው በማግስቱ ሃያ ስድስት ብሎክ ወጡ።

ልጃቸው ሜቲ ቦሌ አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ መተግበሪያ ትሠራለች። አባቷን ከደረጃው ለማውረድ ስትል እሑድ እሑድ እየሠራች ለዕድሩ አንድ መተግበሪያ አዘጋጀች። የሟቹ ስም ከዝርዝሩ ይመረጣል፣ ቀዩ ቁልፍ ይነካል፣ መልእክቱም ለአራት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። በዚያች ቅዳሜ አቶ ፀጋዘአብ መነጽራቸውንና ስልካቸውን በአንድ መሐረብ ሲወለውሉ፣ መሐረቡ መጀመሪያ የአቶ ገሰሰን ስም፣ ቀጥሎም ቀዩን ቁልፍ ነካ።

ሰኞ ዕለት ኮሚቴው የዕድሩ ድስትና ወንበር በሚቀመጥበት መጋዘን ተሰበሰበ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ስለዚህ የምለው ሁሉ በጽሑፍ አለ። አቶ ገሰሰ በሕይወት መኖራቸውን ለመግለጽ ብቻ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ውሳኔያቸው ግን አጭር ነበር፤ ወይ ቁልፉ በሁለት ሳምንት ውስጥ እስከሚካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ ድረስ በስሕተት የማይነካ ይሆናል፣ ወይ መተግበሪያው ቀርቶ ጡሩምባው ይመለሳል። ኦቦ ምልኬሳ ይህን ሲሰሙ ቀስ ብለው ተነሡና ጡሩምባቸውን ከግድግዳው አውርደው አቧራውን ማራገፍ ጀመሩ። ሜቲ ጡሩምባውን አላየችም፤ ጉልበታቸውን ነበር የምታየው።

በሦስተኛው ቀን የሚንሸራተት ቁልፍ ይዛ መጣች። ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ ያለች አንዲት ክብ በጣት ተይዛ እስከ ቀኝ ጠርዝ ትጎተታለች፤ መንገድ ላይ ከተለቀቀች ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ሁላችንም ሞከርነውና ወደድነው። አቶ ፀጋዘአብ ግን በደንብ ለማየት ብለው መሐረባቸውን አወጡ፤ ስክሪኑንም ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወልወል አደረጉት። ወዲያው የአምስታችንም የኮሚቴ አባላት ስልክ ጮኸ። መልእክቱ ለሙከራ ስለሆነ ከእኛ አላለፈም፤ አቶ ፀጋዘአብ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን ይገልጻል።

«ዛሬ እንኳ ተራው የራሴ ሆነልኝ» አሉ አንብበው።

ከዚያ በኋላ የኮሚቴው ጥንቃቄ ወሰን አጣ። ስለ ቁልፉ ቀለም ብቻ ሁለት ገጽ ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ። አቶ ገሰሰ ከመንሸራተቱ በፊት «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ይምጣ አሉ፤ ሲመጣም አልበቃቸውምና «በእውነት እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ተጨመረ፤ ቀጥሎም «ሟቹን በዓይንዎ አይተዋል?» የሚል። በመጨረሻም ቁልፉን ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ሲሶ ሲሶውን እንዲገፉት ተወሰነ፤ አቶ ፀጋዘአብ፣ እኔና በመጨረሻ ሊቀመንበሩ። ሜቲ የተባለችውን ሁሉ እየጻፈች ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ጋሽ ገሰሰ፣ እርስዎ ያረፉ ዕለትስ የመጨረሻውን ማን ይገፋዋል?»

ሊቀመንበሩ ጉዳዩ ሰፊ ጥናት ስለሚያስፈልገው ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ እንዲያዝ አዘዙ። እንደታዘዝኩት ያዝኩት።

ጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የብሎክ ሦስቷ አዴ ደሪቱ በዘጠና አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። የኦቦ ምልኬሳ የድሮ ጎረቤት ነበሩ፤ ማሳቸው ይዋሰን ነበር። ቁልፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ሥራ መጣለት። አቶ ፀጋዘአብ መሐረባቸውን ኪሳቸው ትተው ሲሶአቸውን ገፉ። እኔም በዓይኔ አይቼ ስለነበር የእኔን ገፋሁ። አቶ ገሰሰ ግን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆሙ። ሳያዩ አየሁ ማለት አይወዱም፤ ባንድ ቅዳሜ የደረሰባቸውን በሌላ ሰው ላይ ማድረስም አይፈልጉም። ስለዚህ ወደ ቤቱ ሄደው፣ በሚያለቅሱት ልጆች መካከል አልፈው፣ ስልካቸውን እንደያዙ፣ ሟቿን በዓይናቸው ለማየት መምጣታቸውን በትሕትና ተናገሩ። ትልቋ ልጅ ገላኔ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

«ሊቀመንበር፣ እናታችን ተነሥተው እንዲፈርሙልዎ ነው የሚጠብቁት?»

አቶ ገሰሰ በድንጋጤ ክቧን መግፋት ጀመሩ። ከጥድፊያቸው የተነሣ ጣታቸው እየለቀቃት ክቧ እመሐል እየደረሰች ሦስት ጊዜ ተመለሰች፤ ስትመለስም ሦስቱ ጥያቄዎች እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። በአራተኛው ሙከራ ላይ እያሉ ከደጅ ጡሩምባ ተሰማ።

ኦቦ ምልኬሳ ከንጋቱ ጀምሮ በዚያው ቤት ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ማንም ልብ አላላቸውም። የቤቱ ሰው እስኪበቃው አልቅሶ ሲያበቃ ወጡና ነፉ። ከዚያም እንደ ድሮው ደረጃ መውጣት ጀመሩ።

ሜቲ ከቢሮዋ ተጠርታ ስትመጣ ብሎክ ሰባት፣ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አገኘናቸው። ጡሩምባውን እጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንድ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። መነሣት አልቻሉም። ሜቲ ተቆጥታ የምትናገር መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ በሠላሳ ሰባት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያልሞተ ሰው ሞተ ብለህ ታውቃለህ?»

«እንዴት ብዬ?» አሏት። «ከቤቱ ሳልገባ፣ ሳልቀመጥ ነፍቼ አላውቅም። ሲነፉም ቢሆን አንድ ትንፋሽ ሙሉ ነው፤ የቸኮለ ሰው እመሐል ይቋረጥበታል።»

ሜቲ ስልኳን አውጥታ እንደገና እንዲነፉ ለመነቻቸው። ተቀምጠው ነፉ። የደረጃው በሮች ሁሉ ተከፈቱ። እሷ ሰዓቱን አየችና ጻፈች፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ነበር።

እሑድ ጠቅላላ ጉባኤው ተሰበሰበ። ሜቲ ቆማ አዲሱን ቁልፍ አስረዳች። ጥያቄ የለውም፣ ሦስት ሰውም አያስፈልገውም። የሚሠራው በአንድ ስልክ፣ በኦቦ ምልኬሳ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ክቧ ከግራ ወደ ቀኝ ለመድረስ አሥራ አንድ ሰከንድ ይፈጅባታል፤ ከቸኮሉባት ትመለሳለች፣ ካቆሟትም ትመለሳለች። አቶ ፀጋዘአብ በዚያ ፍጥነት ስልክ የሚወለውል ሰው ምድር ላይ እንደሌለ መሰከሩ። አቶ ገሰሰ ግን የአራት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ ነገር በአንድ ሰው ጣት ላይ ሊንጠለጠል እንደማይገባው ተናገሩ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀባቸው። በተግባርም ይታይ አሉ።

ኦቦ ምልኬሳ እግራቸውን ዘርግተው እንደተቀመጡ ስልኩን ተቀበሉ። አውራ ጣታቸውን ክቧ ላይ ቢያሳርፉ ክቧ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። የእርሻ እርፍ የያዘ ጣት ቆዳው ደንድኖ ስልኩ ሊያውቀው አልቻለም። ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ አቶ ገሰሰም ለመነሣት ኮታቸውን አስተካከሉ። ሜቲ ግን ያንን ጣት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ክቧን የሠራችው ሰፋ አድርጋ ነበር። ጎንበስ ብላ «በመዳፍህ ጎን ሞክረው» አለቻቸው። ሞከሩት፤ ክቧም ተንቀሳቀሰች።

ለሙከራው አንድ ስም መመረጥ ነበረበት። ዝርዝሩ በሥልጣን ቅደም ተከተል የተደራጀ ስለሆነ፣ በራሳቸው በሊቀመንበሩ ትእዛዝ፣ የመጀመሪያው ስም የአቶ ገሰሰ ነው።

ክቧ ቀስ እያለች በአቶ ገሰሰ ስም ላይ ማለፍ ጀመረች። ሜቲ ስክሪኑን ግድግዳው ላይ እንዲታይ ስላደረገችው ሁላችንም እናያለን። አምስት ሰከንድ፣ ስድስት፣ ሰባት። አቶ ገሰሰ ቆመው ነበር፤ በስምንተኛው ተቀመጡ። በዘጠነኛው ባለቤታቸው እጃቸውን ያዙላቸው። አሥር ሲል ከጠርዙ አንዲት ጥፍር የምታህል ቀረች። ኦቦ ምልኬሳ ቀና ብለው ሊቀመንበሩን አዩዋቸው፤ ከዚያ መዳፋቸውን አነሡ። ክቧ ተንሸራታ ወደ ግራ ተመለሰች።

«በሕይወት አሉ» አሉ ኦቦ ምልኬሳ።

ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን መጀመሪያ ያወጡት አቶ ገሰሰ ናቸው። በቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሬዋለሁ።

ኦቦ ምልኬሳ አሁን ደረጃ አይወጡም። ሰው ሲሞት እንደ ወትሮው ሄደው ከቤቱ ይቀመጣሉ፣ ጊዜው ሲደርስ በመዳፋቸው ጎን ቀስ ብለው ያንሸራትታሉ። በቀረው ጊዜ ከብሎክ ሦስት ደጃፍ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ስልኩም ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው። ስብሰባችን ከሠላሳ ደቂቃ አያልፍም። አቶ ገሰሰ ደግሞ በየጠዋቱ፣ መንገዳቸው በዚያ ባይሆንም እንኳ ዞረው መጥተው ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ ስለ ጉልበታቸው ይጠይቋቸዋል፣ ስለ ሜቲ ይጠይቋቸዋል። ዓይናቸው ግን ኪሱ ላይ ነው።

«ስልኩን ቆልፈውታል፣ አይደል?» ይላሉ በመጨረሻ።

ኦቦ ምልኬሳ ለመመለስ አይቸኩሉም። አንድ ትንፋሽ ይፈጅባቸዋል።