ብርሃኑ ሰፋ

«አሁንም ሰፋ» አለች ሠናይት። ብረት በጨረር ከሚቆርጠው ማሽን አፍ ላይ የላጠችውን ቁራጭ ፕላስተር በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ አነሣችው። መሐሉ ላይ ጨረሩ የበሳት ቀዳዳ ትታያለች። «ጠዋት እኮ የጤፍ ፍሬ ነበር የምታክለው። አሁን ገብስ አከለች።»

«ብርሃን ደግሞ ምን በልቶ ይወፍራል?» አለች አክስቷ እቴነሽ፣ ጋራዡ ውስጥ ከተቀመጠችበት የቀለም በርሜል ሳትነሣ።

«እኔስ እሱን አይደል የምፈልገው፣ አክስቴ።»

«ፈልጊያ። ሰማዩ አንቺን ቁሞ አይጠብቅም።»

ሰማዩስ እውነትም አልቆመም። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ደመና ሊታይ በማይገባው ወር ከጉና ተራራ በኩል ጥቁር ነገር እየተንከባለለ ይመጣል። እቴነሽ በየደቂቃው ከበርሜሏ ተነሥታ በሩ ድረስ ትሄዳለች፣ ወደ ላይ ታያለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሣለች። የዓመት እህሏ ወንዛዬ አጠገብ አውድማ ላይ ክምሩ ተንዶ ተዘርግቷል። ትናንት አመሻሹ ላይ የመውቂያው ማሽን ከጤፉ ጋር የተጣለ የሞፈር ብረት ዋጠና ወንፊቱን ከዳር እስከ ዳር ቀደደው። ማሽኑ ነገ ለሌላ ገበሬ ተቀጥሯል። ዛሬ ወንፊቱ ካልደረሰ ጤፉን ዝናብ ያጠቁረዋል፤ ካላጠቆረውም ያበቅለዋል። በዚያ ላይ መብራት ስምንት ሰዓት ላይ ይጠፋል ተብሏል። አሁን አምስት ሰዓት አልፏል።

የመውቂያው ባለቤት አስናቀም የተቀደደውን ወንፊት ግድግዳ አስደግፎ አብሯት ይጠብቃል። አስናቀ ክፉ ሰው አይደለም። አፉ ግን መዝጊያ የለውም፤ ደብረ ታቦር የሰማውን ሐሙሲት እስኪደርስ በየፌርማታው ሲያራግፍ ነው የሚሄደው።

ወንፊት ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ነው። ሁለት ሺህ ምናምን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ከጠበበ ጤፉ ከገለባው ጋር ይሄዳል፤ ከሰፋ ገለባው ከጤፉ ጋር ይወርዳል። እቴነሽ ማጉያ መነጽር አላስፈለጋትም። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ያልተነፈሰ ጤፍ ፈትታ፣ ቆንጠር አድርጋ፣ ሠናይት ጀምራ ባቆመችው ላሜራ ላይ በተነችው። በመጀመሪያዎቹ ረድፎች ፍሬው ሾልኮ ወረደ፤ ገለባው ከላይ ቀረ። ወደ ኋለኞቹ ረድፎች ስትደርስ ሁሉም ተያይዞ ወረደ። የቀዳዳዎቹ ከንፈር ተዘልዝሏል፤ የቀለጠው ብረት ከሥር እንደ ንፍጥ ተንጠልጥሏል።

«ይኼ ወንፊት ነው ወይስ የአይጥ ጉድጓድ?»

«አክስቴ፣ አይቆጡ እንጂ። ጨረሩ ከሌንሱ ሲወጣ ተሰብስቦ አንዲት ነጥብ ላይ ማረፍ አለበት። ነጥቧ ቦታዋን ከለቀቀች ብረቱን አይቆርጠውም፤ ያኝከዋል።»

«እንደ ደነዘ ማጭድ።»

«እንደሱ። የገረመኝ፣ ስጀምር ልክ ነው። አሥር ደቂቃ ሠርቶ ሲሞቅ ነው የሚለቀው። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይመለሳል።»

ሠናይት ትርፍራፊ ላሜራ ላይ አሥራ አንድ መስመር አሰመረች፤ በእያንዳንዱ መስመር የማሽኑን ራስ በፀጉር ያህል ከፍ እያደረገች። ከዚያ አጎንብሳ ቀጭኗን መስመር ፈለገች፤ ጨረሩ በትክክል የሚሰበሰበው እዚያች ከፍታ ላይ ነው። ጠዋት ቀጭኗ ስድስተኛዋ ነበረች። አሁን ሦስተኛዋ ሆናለች። ይህች ልጅ ስድስት ዓመት ሪያድ የሰው ወለል ስትወለውል ኖራ ነው የተመለሰችው፤ ይህንን ማሽን ግን ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምራት ከመመሪያው ጋር እየታገለች በዓመት ውስጥ ገራችው። ዘመዶቿ ባል ያላገባችበትን ምክንያት ሲያወሩ፣ እቴነሽ ግን «ብረት በብርሃን የምትቆርጥ ልጅ ባል ምን ይሠራላታል» እያለች አፋቸውን ትዘጋ ነበር።

ሠናይት ከማሽኑ ራስ ጎን ያለችውን ትንሽ መሳቢያ ስባ ከላይ ያለውን ዋና ሌንስ ከብልጭታ የምትጠብቀውን መከላከያ ሌንስ አወጣች። ከብር ሳንቲም ብዙም አትበልጥም፤ ጥርት ያለች መስታወት። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻት።

«ያረረ ነገር ይሸተኛል» አለች።

እቴነሽ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ሰማዩን ግን አላየችም።

ጠዋት የሆነው እንዲህ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሌንሷ መጠረግ ነበረባት። የአልኮሉ ጠርሙስ ሲገለበጥ ባዶ ሆነ፤ ፋርማሲ ገና አልተከፈተም። እቴነሽ ደግሞ ወረፋ እንዲያስቀድማት ለጋራዡ ባለቤት ለባምላኩ አንድ ጠርሙስ አረቄ እጅ መንሻ ይዛ መጥታለች። «የኔ አረቄ እያለ አልኮል ፍለጋ ትሄጃለሽ?» አለቻት። ሠናይት አመነታች። በማንኪያ ቀድታ በክብሪት ልታቃጥላት ፈለገች፤ ንጹሕ ከሆነ ሰማያዊ ነዶ ምንም ሳይተርፈው ያልቃልና። እቴነሽ ዓይኗን አፈጠጠችባት። «በእሳት ልትፈትኚኝ ነው? አባትሽን ያሳደግሁት በዚህ አረቄ ነው።» ሠናይት ክብሪቱን ኪሷ ከተተች። ታላቅ ሰውን እንደ ሌባ መፈተሽ በእነሱ ቤት የለም። በጥጥ ነክራ ሌንሷን ጠረገችባት።

እቴነሽ ስለ አረቄዋ የተናገረችው ሐሰት አይደለም፤ አርባ ዓመት እውነት ነበር። የእቴነሽ አረቄ ሲባል ሐሙሲት ላይ ሌላው ይደፋ ነበር። በኅዳር ያወጣችው ግን ድፍድፉ ሥሩ አርሮ ጢስ ጢስ አላት። መድፋት ሲገባት ውኃ ጨመረችበት። ሽታውን እንዲሸፍንላት ደግሞ ሁለት ኪሎ ስኳር አቅልጣ ደባለቀችበት። ሁለት ጀሪካኑን ሐሙሲት ለምትቸረችረው ለዓይናለም ላከችላት። ከዚያው የቀዳችውን ጠርሙስ ለባምላኩ አስቀረች፤ ለጋራዥ ሰው ይኼ ምን አነሰው ብላ።

አሁን ባምላኩ ከፋርማሲ አዲስ አልኮል ይዞ፣ እያለከለከ ገባ። «አገኘሁ። ዘጠና ስድስት ነው፤ ከዚህ በላይ የለም።»

ሠናይት ሌንሷን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ በአዲሱ አልኮል ጠረገቻት። መለሰቻት። ፕላስተር ለጥፋ ተኮሰች፤ ቀዳዳዋ ጤፍ አከለች። ቀጭኗ መስመር ስድስተኛዋ ሆነች። አዲስ ላሜራ ዘርግታ ጀመረች። ማሽኑ ቲክ ቲክ ቲክ እያለ በረድፍ ሄደ፤ ብልጭታው እንደ ፈንዲሻ ከሥር ይረግፋል። እቴነሽ እፎይ ልትል ስትል ድምፁ ተለወጠ። ቲክ ያለው ቸስ ማለት ጀመረ።

ሠናይት አቆመችው። መስመሩን ሠራች። አራተኛዋ።

«ይኼ የእጅሽ ሥራ ነው» አለ ባምላኩ። ቁጣው ከፍርሃት ነው የመጣው፤ ማሽኑ ከተበላሸ ሌላ የለውም። «ጠዋት በምንድን ነው የጠረግሻት?»

«በአረቄ። አክስቴ ባመጡት።»

ባምላኩ እጁን አወናጨፈ። «በእመት እቴነሽ አረቄ ከሆነማ ከፋርማሲው ይበልጣል። ሌላ ነው። ሌላ ነገር ነክተሻል።»

«ሐሙሲት ቁስል ያጥቡበታል እኮ» አለ አስናቀ። «የአንዱ የአማቴ ልጅ እግር በሱ ነው የዳነ።»

ሙገሳ ሰውን እንዲህ አንቆ ይይዛል ብሎ ማን ያስባል። እቴነሽ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች፤ የቋጠረችው ጤፍ እየፈሰሰ መሆኑን አላየችም።

«ውስጡን ከፍተሽ ነበር?» ባምላኩ ቀጠለ። «የላይኛዋን ሌንስ?»

«አልከፈትሁም፣ ጋሼ። በማርያም።»

«ታዲያ ምን ነካው? ሙሉ ራሱን አውርጄ አዲስ አበባ እልከዋለሁ። ቢያንስ ሃያ ቀን ነው። እስከዚያ ሥራ የለም። ሲመለስ ያ ሌላው ሠራተኛዬ ሙላቴ ይይዘዋል፤ አንቺ በር ትቀቢያለሽ።»

ሠናይት መነጽሯን አውልቃ በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችው፤ ጠርጋ ስትጨርስ እንደገና ጠረገችው። እቴነሽ ይህንን ጠባይ ታውቀዋለች። የልጅቱ አባትም ሲያለቅስ እንዲህ ነበር፤ እጁን ሥራ ያስይዘዋል።

«ትንሽ ውኃ ነክቶት ሊሆን ይችላል» አለች እቴነሽ፣ ወደ ማንም ሳታይ።

«ምኑን፣ አክስቴ?»

«አረቄውን። ጠርሙሱ ታጥቦ ነበር። በደንብ አልደረቀ ይሆናል።»

ሠናይት ለማባበል ያህል ፈገግ አለች። «ውኃ ቢሆን ጨረሩ ገና ሲያርፍበት ተኖ ይጠፋል። ውኃ አይደለም። እርስዎ አይጨነቁ።»

አይጨነቁ ተባለች። ግማሹን ተናግራ መዳን አምሯት ነበር፤ ያንኑ ግማሽ ግን ልጅቱ እንደ ትርፍ ጉርሻ መለሰችላት። ውጭ ነፋስ ተነሥቶ የጣሪያውን ቆርቆሮ አንዴ አንኳኳው። አስናቀ ስልኩን አየና «ከስድስት ሰዓት ካለፈ እኔ ለነገው ሰው ደውዬ ዛሬውኑ እመጣለሁ እለዋለሁ፤ ወንፊት ባይኖረኝም ሞተሩን ለሌላ ሥራ ይፈልገዋል» አለ። ክፋት የለበትም፤ እሱም የራሱ ቤት አለው። ባምላኩ መፍቻ አንሥቶ የማሽኑን ራስ የያዙትን ብሎኖች መቁጠር ጀመረ።

የመጀመሪያው ብሎን ሲላላ እቴነሽ ተነሣች።

«ተው» አለች።

«እመት?»

«መፍቻህን አስቀምጥ። ስኳር አለበት።»

ማንም አልገባውም። እቴነሽ እንደገና መናገር ስላለባት ይበልጥ ተናደደች፤ በራሷም በእነሱም።

«አረቄው ውስጥ። ስኳር አለበት። ድፍድፉ አርሮብኝ ነበር። ውኃ ጨመርሁበት፣ ሁለት ኪሎ ስኳርም ጨመርሁበት። አሁን ገባችሁ?»

ባምላኩ ጠዋት የተጎነጫትን አስታውሶ ነው መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ «እኔስ ዛሬ ለምን ጣፈጠኝ ብያለሁ» አለ። አስናቀ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሠናይት አልሳቀችም። የአልኮሉን ጠርሙስ፣ ከዚያ ሌንሷን፣ ከዚያ እንደገና ጠርሙሱን አየች። «ስኳር» አለች ለራሷ። «ስኳርን አልኮል አያለቅቀውም። እያዳረስሁት ነበር እንጂ እየጠረግሁት አልነበረም። እላይዋ ላይ ስስ ሆኖ ተቀብቷል፤ ሲሞቅ ብርሃኑን ይበትነዋል።» ተጣድፋ የማሽኑ ማቀዝቀዣ ወደሚጠጣው የተጣራ ውኃ ጀሪካን ሄደች። «ውኃ ነው የሚያለቅቀው። መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ አልኮል።»

በአዲስ ጥጥ፣ ከመሐል ወደ ዳር እያዞረች ጠረገቻት። ጥጡ ላይ ቡናማ ነገር መጣ። ሌላ ጥጥ፤ ቡናማው ሳሳ። ሦስተኛው ነጭ ሆነ። በአልኮል አደረቀቻትና መለሰቻት።

«ጠዋት በማንኪያ ላቃጥላት ስል ነግረውኝ ቢሆን» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ቢሆንማ» አለች እቴነሽ።

ማሽኑ ጀመረ። ሠናይት በአሥረኛው ደቂቃ አቁማ መስመሯን ሠራች፤ ስድስተኛዋ። በሃያኛው አቆመች፤ ስድስተኛዋ። ከዚያ በኋላ አላቆመችም። ባምላኩ ያላላትን ብሎን አጥብቆ፣ ስለ ሙላቴም ስለ በር ቅብም ትንፍሽ ሳይል፣ ላሜራውን ከዳር ይዞ ያግዛት ጀመር። ጉና በኩል ያለው ደመና አልዘነበም፤ አልሄደምም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ደረሱ።

አስናቀ ወደ እቴነሽ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እመት፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። ከዚህ ቤት አይወጣም። በሞቴ።»

እቴነሽ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ምሕረት ማድረጉ ነው። ቸር ሆኖ ምስጢሯን ተሸክሞላት ሊዞር፣ በየዓመቱ አውድማዋ ላይ ሲመጣ ዓይን ዓይኗን ሊያያት ነው። እሷ ደግሞ ለዝምታው አረቄ ሞልታ ልትቀዳለት ነው።

«ያንተን አፍ ከምጠብቅ» አለች፣ «የራሴ አይሻለኝም?»

ከደረቷ ትንሿን ስልክ አወጣች። ቁጥር አታነብም፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ተጭና ከያዘች ዓይናለም ዘንድ እንደሚጠራ ግን ታውቃለች። ጠራ። ማሽኑ ስለሚጮህ እሷም ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ቤቱ ሁሉ ይሰማል።

«ዓይናለም ነሽ? የላክሁልሽን ሁለት ጀሪካን ለሰው እንዳትቀጂ። ጀምረሽዋል? የጀመርሽውንም ድፊው። ልጄ መጥቶ ጀሪካኑን ይወስዳል፤ በጥር በሌላ እተካልሻለሁ።» አዳመጠች። «የለም፣ መርዝ አይደለም። መጥፎ ነው።» ደግሞ አዳመጠች። አስናቀም፣ ባምላኩም፣ ሠናይትም ያዩአታል።

«ማን አወጣው ትይኛለሽ? እኔ ነኛ። ለሚጠይቅሽም እንደዚያው በይ።»