ትንሿ የባሕር ጠባቂ

ኦብዱሊያ በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ከተቀጠረች ዓመታት አልፈዋል። ሆቴሉ የቆመው ከመንደራችን አጠገብ፣ ድሮ መረባችንን እናሰጣበት በነበረው አሸዋ ላይ ነው። መብራቱ ከፀሐይ ነው፤ የገላ መታጠቢያው ውሃ ተጣርቶ ለአትክልት ይውላል፤ ፕላስቲክ የሚባል ነገር በበሩ አያልፍም። ልጆቻቸውን ይዘው ከከተማ የሚመጡት እንግዶች ቆሻሻቸውን በየዓይነቱ ለይተው ሲጥሉ ደስ ይላሉ። ያ ሁሉ ተለይቶ የተጣለ ቆሻሻ በአንድ መኪና ተጭኖ ከመንደራችን ጀርባ ገደል ውስጥ ሲደፋ ግን የምናየው እኛ ነን።

በፋሲካ ዕረፍት የኦብዱሊያ ታናሽ እህት ኔሬይዳ ወደዚሁ ሆቴል እንግዳ ሆና መጣች። ኔሬይዳ ጓዳላሃራ ከተማ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ናት። ባሏን ሮሄሊዮን፣ ትንሿን ልጇን ያሬሊንና ከታመሙ ወዲህ ከእሷ ጋር የሚኖሩትን እናቷን ዶኛ ኤውፍራሲያን ይዛ ነበር የመጣችው።

ከመምጣታቸው በፊት ለእህቷ ደውላላት ነበር። "እማዬን ባሕሩ ናፍቋታል።"

"ታዲያ እኔ ቤት አትመጡም?"

"አንቺ ቤት የት እንተኛለን ኦብዱ? ደግሞ ያሬሊ ስለ ተፈጥሮ እንድትማር ብለን ነው።"

"በቃ፣ እኔ አንሶላችሁን አጥባለሁ" ብላ ሳቀች ኦብዱሊያ። ኔሬይዳ አልሳቀችም።

በመጡ በአራተኛው ቀን ኦብዱሊያ ፎጣ ይዛ ክፍላቸው በረንዳ ላይ ብቅ ስትል እናቷ እጇን ለቀም አድርገው ያዟት።

"ነይ፣ ቁጭ በይ እስቲ።"

"አይቻልም እማዬ። ሠራተኛ ከእንግዳ ጋር አይቀመጥም፣ ደንብ ነው።"

"ይሄን ደንብ ያወጣው ሰው እናት አልነበረውም?"

"ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል!"

"ይስሙኛ! ቆይ፣ እዚህ ቤት ምግብ የሚባል ነገር የለም እንዴ? ጠዋት ፍሬ፣ ማታ ፍሬ። ወፍ አደረጉኝ እኮ። የሽሪምፕ ታማል አምሮኛል ልጄ።"

ኔሬይዳም ከውስጥ ሰምታ ወጣች። "ውይ፣ ታማል! እንደ ድሮው ጭንቅላቱን ሳትቆርጪ። እባክሽ ኦብዱ።"

ኦብዱሊያ በማግስቱ ከሥራ በፊት ተነሥታ ሊጡን አቦካች፣ ሽሪምፑን ከነጢሙ እየጨመረች በበቆሎ ልጣጭ ጠቅልላ በእንፋሎት አበሰለች። ትኩስ ታማል መረቁ ይፈሳል፤ ቤቷ ውስጥ ከተራ ፌስታል ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረም። ከፎጣዎቹ ሥር ደብቃ አስገባችው። ያሬሊ በመስኮት እያየቻቸው ሦስቱ ሴቶች ከበረንዳው ጀርባ ቆመው በሉ። አሮጊቷ ዓይናቸው እንባ እስኪያቅር ሳቁ። ኔሬይዳ ጣቷን እየላሰች "እጅሽ እኮ የእማዬ እጅ ነው" አለቻት። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ አልተሳሳቁም ነበር። ኦብዱሊያ ሥራ ስለረፈደባት ሮጠች፤ ፌስታሉ እዚያው ቀረ።

ሆቴሉ ልጆችን "የባሕር ጠባቂዎች" እያለ ይሰበስባል። ብሬንዳ የምትባል ወጣት ታስተምራቸዋለች። ባሕር ዳር ላይ ፕላስቲክ ያገኘ ልጅ ከእንጨት የተቀረጸ ዔሊ ይሸለማል። እዚያ ግቢ ውስጥ ደግሞ ፕላስቲክ ማግኘት እንደ ተአምር ነው። ያሬሊ ፌስታሉን ነፋስ ሲያንከባልለው አይታ እያሯሯጠች ያዘችው።

"ጎበዝ! ከየት መጣ?" አለቻት ብሬንዳ።

"አክስቴ ናት ለአያቴ ምግብ ያመጣችበት። አክስቴ እኮ እዚህ ነው የምትሠራው!"

ይህን ያለችው በኩራት ነው። አጨበጨቡላት፤ ዔሊውን አንገቷ ላይ አንጠልጥለው ፎቶ አነሷት።

ምሳ ላይ ሥራ አስኪያጁ ሴኞር ሌዴስማ ኦብዱሊያን አስከትሎ ወደ ገበታቸው መጣ። አሮጊቷ ክፍላቸው ውስጥ ጋደም ብለው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሮሄሊዮ ስለ ባሕር መበከል ሲያወጋቸው የሰነበቱት የጓዳላሃራ ቤተሰቦች በአጠገባቸው ይበላሉ።

"ይቅርታ ሴኞራ" አለ ሌዴስማ። "ይህች ሠራተኛ ከውጭ ምግብ በፌስታል አስገብታለች። እርስዎ አዘዋት ከሆነ የእንግዳ ፍላጎት ነው፣ እናልፈዋለን። ካልሆነ ግን ልናሰናብታት ነው። ልጅቷ ደግሞ አክስቴ ናት ብላለች።"

ከጎናቸው ያሉት ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሮሄሊዮ ከጠረጴዛው ሥር የሚስቱን እግር ረገጠና ፈገግ አለ። "ልጆች መቼም ያዩትን ሁሉ አክስቴ ይላሉ።"

"አይ አባዬ፣ የእውነት አክስቴ ናት!"

"ያሬሊ፣ ምሳሽን ብዪ።"

ሌዴስማ ኔሬይዳን ጠበቃት። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለግባት። ኔሬይዳ ሳህኗን አየች፣ ውሃዋን ጠጣች።

"እኛ ምንም አላዘዝንም" አለች በመጨረሻ።

ኦብዱሊያ ሽርጧን ፈታች። "እውነታቸውን ነው። ሴኞራ አላዘዙኝም። በራሴ ነው ያመጣሁት።" አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና በጓሮ በር ወጣች።

ያሬሊ እያለቀሰች ሄዳ ለአያቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። ኔሬይዳ ክፍሉ ስትደርስ እናቷ ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ከተው ጨርሰዋል።

"እማዬ፣ ሌላ ሥራ እፈልግላታለሁ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ጊዜ አፈርኩ።"

"በማን? በእሷ?"

ኔሬይዳ ሻንጣውን ልትወስድባቸው እጇን ዘረጋች።

"መድኃኒቴን አምጪ" አሉ አሮጊቷ። ተቀበሏትና፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በአሸዋው ዳር ዳር አረፍ እያሉ ወደ መንደር መጡ። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ፤ ሻንጣውን ልያዝልዎ ብላቸው እንኳ እንቢ አሉኝ።

ኔሬይዳ በማግስቱ ብቻዋን መጥታ እህቷ ግቢ በር ላይ ቆመች። ኦብዱሊያ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ ዞር ብላም አላየቻት።

"ልጅቷን እንዳትቆጪያት" አለቻት። "የተባለችውን ነው ያደረገችው።"

"እኔንስ ኦብዱ? እኔን የምትይኝ የለም?"

"እርስዎን ምን እላለሁ ሴኞራ።"

ሰድባት ቢሆን ይሻላት ነበር።

አሁን ኦብዱሊያ ወደቡ ጋ ባለው የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ቆማ ሽሪምፕ ትልጣለች። በበረዶው ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። ዶኛ ኤውፍራሲያ ከእሷ ጋር ቀሩ። ኔሬይዳ አልፎ አልፎ መድኃኒት ይዛ ትመጣለች፤ አሮጊቷ ግቢ ውስጥ ወንበር ሰጥተው ያነጋግሯታል፣ እህቷ ግን እሷ መኪናዋን አስነሥታ እስክትሄድ ድረስ ቤት አትገባም። ያሬሊ ተመልሳ አልመጣችም። ለጠየቃት ሁሉ ባሕር አልወድም ትላለች አሉ።