ያልታጠበው ግድግዳ

ልብስ ሰፊዋ አቧራ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጎረቤቷ አናጢ ደግሞ ከሰጋቱራ ክምር ውስጥ መዶሻውን ሲፈልግ ግማሽ ቀኑ ያልፋል። ሱቆቻቸውን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። እሷ ስምንት ዓመት ሙሉ የጎርፍ መድን ክፍያዋን አንድ ወር ሳታዛንፍ ስትከፍል እሱ፣ "እቴ፣ ለውኃ ደመወዝ ትቆርጫለሽ እንዴ? ለእኛ መንግሥት አለልን!" እያለ ይስቅባት ነበር።

ዛሬ ግን የመድን ድርጅቱ ገማች ሜትሩን እንደዘረጋ በሱቋ መካከል ቆሞ ቀርቷል።

"ጎርፉ የደረሰበት ምልክት የታለ?"

"አጥቤዋለሁ።"

"ግድግዳውን?"

"ኖራም ቀብቼዋለሁ። ታዲያ እንግዳ ጭቃ ላይ ልቀበል?"

ገማቹ ሳቁን ዋጥ አደረገ። "እናቴ፣ የስፌት መኪናዎቹ የነበሩት ጠረጴዛ ላይ ነው። ውኃው ከጠረጴዛው በላይ መውጣቱን ካላየሁ ለወለሉ እንጂ ለመኪናዎቹ ካሳ መጻፍ አልችልም። እኔም አለቃ አለኝ።"

ሦስቱ መኪናዎች የቤተሰቡ መተዳደሪያ ነበሩ። አሳምራ በወለወለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"ጌታው!" የሚል ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ተሰማ። "ቆሻሻ ከፈለጉ ወደ እኔ ብቅ ይበሉ!"

የአናጢው ሱቅ ጎርፉ ከሦስት ሳምንት በፊት ትቶት እንደሄደ ነበር። ጭቃው በግድግዳው ላይ፣ ከጠረጴዛ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ያለ መስመር አስምሯል። ገማቹ ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ "ያው ግድግዳ፣ ያው ውኃ" እያለ ጻፈ።

ከሄደ በኋላ ልብስ ሰፊዋ፣ "አንተ ግን እስካሁን ለምን አላጠብከውም?" አለችው።

"የመንግሥት የእርዳታ ኮሚቴ ሳያየው አትንኩ ተብሎ ነዋ! ትናንት ሄጄ ብጠይቅ፣ በጀት ሲለቀቅ፣ ተራህ ሲደርስ አሉኝ። ለስንቱ ሰው አንድ ካዝና ነው እኮ እቴ።" ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ ወትሮው አልረዘመም። እንጨቱ በሙሉ ጠምሟል፤ ሌላ መግዣም የለውም።

የመድኑ ገንዘብ በወሩ ሲገባ ልጇ በደስታ ዘለለች።

"እማዬ፣ ሦስቱንም አዲስ!"

"ሁለት ነው የምንገዛው" አለች ልብስ ሰፊዋ። "በሦስተኛው ዋጋ ለጎረቤታችን ሥራ አዝዣለሁ። ዝናብ ሲከብድ መኪናዎቹን የምናወጣበት፣ ከዚያ መስመር በላይ የሆነ መደርደሪያ ይሠራልናል። ክፍያው በቅድሚያ ነው፤ እንጨት ይግዛበት።"

"እሱ መዶሻውን እስኪያገኝ እኮ የሚቀጥለው ጎርፍ ይደርሳል!" አለ ባሏ።

"ስለዚህ ነገ ሱቅ አንከፍትም። ሁላችሁም መጥረጊያና ባልዲ ያዙ፤ ሱቁን እናጸዳለታለን።" ትንሽ አሰብ አደረገች። ቀጥሎ የምትለው ነገር እሷንም ሳያስጨንቃት አልቀረም።

"ግድግዳውን ግን፣ ኮሚቴው እስኪመጣ፣ ማንም እንዳይነካብኝ።"