የአምስት ቀን ወጥ

ምሕረት ጅማ የምትቆየው ሙሉ ሳምንት እንኳ አልነበረም። ባሏ ዓባይነህ ግን ወሬውን ከሰማበት ቀን ጀምሮ ፊቱን ጥሎ፣ ትከሻውን ጥሎ፣ የሰፈሩ ሰው "ምነው፣ መርዶ መጣ እንዴ?" እስኪል ድረስ ተክዞ ከረመ።

እውነቱን ለመናገር የከነከነው አምስቱ ቀን አይደለም። ምሕረት ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። በዚያ ዓመት፣ በ2003 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ጅማ ያለ አንድ ኮሌጅ አስተማሪዎችን ሦስት ክረምት አስተምሮ በዲፕሎማ ሊያስመርቅ ጥሪ አድርጓል። በየካቲቱ የሴሚስተር ዕረፍት መጥታችሁ ተፈተኑ፣ ያለፋችሁ ተመዝገቡ ተብሏል። ካለፈች እንግዲህ በየክረምቱ ሁለት ሁለት ወር ከቤቷ ልትርቅ ነው። የዓባይነህ ራስ ምታት እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

"ሁለት ወር ሙሉ ምን ልበላ ነው?" አላት።

ሆዱን አስቀደመ እንጂ ነገሩ የሆድ አልነበረም። ዓባይነህ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው፤ ቧንቧና ብሎን ሲያስረክብ ይውልና ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱ የተማሪዎቿን ድምፅ እያስመሰለች የምታወራለትን እየሰማ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ያ ሳቅ ከሌለ ቤቱ ቤት እንደማይሆን ያውቀዋል። ግን "ትናፍቂኛለሽ" የሚል ቃል በአራት ዓመት ትዳሩ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ወንድ ልጅ "ራበኝ" ቢል ያምርበታል፣ "ብቻዬን መሆን ፈራሁ" ቢል ግን ሰው ይስቅበታል ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ ሞኝ!

ምሕረት ደግሞ በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። "እሺ፣ እንወራረድ" አለችው። "ከሰኞ እስከ ዓርብ የምትበላውን ሠርቼ፣ ቀን በቀን ለይቼ አስቀምጬልህ እሄዳለሁ። ሆቴል ሳትገባ፣ ጎረቤትም ሳትጋበዝ፣ የቤትህን እየበላህ አምስቱን ቀን ከዘለቅህ ክረምቱ የእኔ ነው። ሁለት ወርም ቢሆን እንደዚሁ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሁ አዘጋጅልሃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ከውጭ ከበላህ ግን እቀራለሁ። ሁለተኛ አላነሳብህም።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ሥጋውንም ሽንኩርቱንም ተሸክማ ገባች። እሁድ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና፣ "ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ብቻህን ሂድ፤ ለእኔም ተሳለምልኝ። እኔ ከእነዚህ ድስቶች ንቅንቅ አልልም" አለችው።

ዓባይነህ ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ፣ አስቀደሰ። ከቅዳሴ በኋላ ሰባኪው ቆመው፣ መልእክት አድርስ ተብሎ ተልኮ፣ ማድረሱን ፈርቶ ወደ ሌላ አገር በመርከብ ስለ ኮበለለው ሰው ሰበኩ። በመጨረሻም እንዲህ አሉ፤ "ምእመናን፣ እንዳትዘነጉ። ጾመ ነነዌ ነገ ይገባል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ነው።"

ዓባይነህ ቀጥ አለ። ነነዌ እንደ ገና፣ እንደ ጥምቀት ቀኗ አይያዝም፤ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ትላለች። ካህን ካልተናገረ ስንቱ ሰው ይዘነጋታል። ሚስቱም ዘንግታታለች። ለረቡዕ ምስር፣ ለዓርብ ሽሮ፣ እነዚህን በደንብ አስባባቸዋለች። ለሰኞ ግን ቀይ ወጥ፣ ለማክሰኞ አልጫ በሥጋ፣ ለሐሙስ የቋንታ ፍርፍር። የሰኞና የማክሰኞ ነገር አበቃለት ማለት ነው። የረቡዕንና የዓርብን አምጥቶ ቀድሞ ቢበላው እንኳ ረቡዕና ዓርብ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱ ዳር ያሉት የቡና ዛፎች ሌሊት በዘነበው ዝናብ አብበው መንደሩን በሽታቸው ሞልተውታል። ዓባይነህ አልታወቀውም። "በሩ ላይ ስደርስ እነግራታለሁ" አለ። በሩ ላይ ሲደርስ፣ "ውሃ ጠጥቼ እነግራታለሁ" አለ። ውሃውን ጠጣ።

ምሕረት እንጀራውን በፌስታል እየጠቀለለች ግማሹን ፍሪጅ ውስጥ አስገብታለች፤ የሚዛን እርጥበት እንጀራን ከሦስተኛ ቀን አያሳልፍም። የተሠራው ወጥ በየሣህኑ ተከድኖ፣ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበት በእጅ ጽሑፏ "ሰኞ"፣ "ማክሰኞ" ተብሎ ተደርድሯል። አሁን የቀራትን ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል። አጠገቧ መጥቶ ሲቆም ሳታየው በክንዷ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ፣ "እህ፣ ምን ተባለ ቤተ ክርስቲያን?" አለችው።

"ምንም" አለ ዓባይነህ።

በቃ፣ ይችው ናት። አንዲት ቃል።

ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ሸኛትና ሥራው ገባ። ከሥራ ሲወጣ ቤቱ ገብቶ ፍሪጁን ከፈተ። "ሰኞ" ከሚለው ፕላስተር ሥር በትንንሽ ፊደል፣ "በትንሽ እሳት፤ አትቸኩል" የሚል ተጽፎበታል። ሣህኑን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ የረቡዕን ምስር አወጣ። ምስሩ ጣፋጭ ነበር። ዓባይነህን ጣፋጭነቱ ይበልጥ አናደደው።

አመሻሹ ላይ ስልኩ ጮኸ።

"ዓባይዬ! ጉድ ሆንኩልህ!" አለች ምሕረት። "ቦንጋ ለምሳ ስንወርድ ሆቴሉ በያይነቱ ብቻ ነው ያለው። ምነው ብል፣ አስተናጋጇ ነነዌ አይደል እንዴ አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ያንን ሁሉ ሥጋ! ለመሆኑ ትናንት ቤተ ክርስቲያን አልተነገረም?"

ዓባይነህ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ... ወደ ኋላ ነበርኩ፤ በደንብ አልተሰማኝም።"

"ይሁን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጾም የረሳች ክርስቲያን!" ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወዲያው ከሰመ። "የረቡዕን ዛሬ፣ የዓርብን ነገ ትበላለህ። ከዚያ በኋላ የጾም የለህም። ረቡዕ ሆቴል ብላ፣ እሺ? በባዶ ሆድህ እንዳታድር። ተሸንፌያለሁ። ክረምቱም ይቅር።"

አሸነፈ እንግዲህ። ሲጠብቀው የነበረው ድል በስልክ መጥቶ እጁ ገባ። ዓባይነህ ግን ስልኩን ዘግቶ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፤ ደስታ ቢፈልግ ቢፈልግ ከየትም አጣ። ብትሰድበው በወደደ። እሷ ግን የምትጨነቀው ለሆዱ ነበር። አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

ልብ ብላችኋል? ዓባይነህ ራሱ ወጥ ሊሠራ ይችላል የሚለው ሐሳብ ለባልም ለሚስትም አልመጣላቸውም። ሐሳቡ የመጣው ማክሰኞ የዓርብን ሽሮ ሲበላ ነው፤ ሣህኑን በእንጀራ ጠርጎ ከጨረሰ በኋላ ማለት ነው። "ከውጭ አትብላ ነው እንጂ ያለችው፣ ራስህ አትሥራ አላለችም" አለ ጮክ ብሎ፣ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ።

ረቡዕ ከሥራ እንደወጣ ጋሽ ጀይላን ሱቅ ሄደ። ጋሽ ጀይላን ሚስቱንና ልጆቹን ወራቤ ትቶ ሚዛን የሚነግድ፣ ከሱቁ ጀርባ ለራሱ የሚያበስል ሰው ነው።

"ጋሽ ጀይላን፣ ሽሮ እንዴት ነው የሚሠራው?"

"ሽሮ?" ጋሽ ጀይላን ከመነጽሩ በላይ አየው። "ምሕረት ታመመች እንዴ?"

"ኧረ ደህና ናት፤ ጅማ ሄዳለች። ሠርታልኝ ነበር የሄደችው፣ ግን ነነዌ ገባና ሥጋ ሆነብኝ።"

"እናንተ ጾም ሲገባ ቀድሞ እሁድ ይነገራችሁ የለም እንዴ? አልሄድክም?"

"ሄጃለሁ።"

"ታዲያ?"

ዓባይነህ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። ጋሽ ጀይላን አየውና ሚዛኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። "ሽንኩርቱን አድቅቀህ ክተፍ። መጀመሪያ በጠብታ ውሃ አብስለው፣ ከዚያ ዘይት። ቀላ ሲል ውሃ ጨምረህ አፍላና ሽሮውን እየነሰነስክ አማስል። አንዴ ከደፋኸው ይጓጉልብሃል። ደግሞ ከምድጃው አትራቅ፤ ሽንኩርት ዘወር ስትል ነው የሚያርረው። እና ወላሂ፣ ስታማስል ያንን ነገርህን አስብበት። ማማሰል ለማሰብ ይመቻል።"

የመጀመሪያው ሽሮ ከላይ ጓጉሎ ከሥር አረረ። ድስቱን ዘፍዝፎ ሁለተኛ ጀመረ። ሁለተኛው ጨው በዛበት እንጂ ሽሮ ነበር፤ ማንም ቢያየው ሽሮ ነው የሚለው። ዓባይነህ ቆሞ፣ ከድስቱ እየጠቀሰ ጨረሰው። ሐሙስ የተጻፈለትን የቋንታ ፍርፍር በላ። ዓርብ ምስር ሠራ፤ በምስሩ ጎረቤት መጥራት እንኳ ዳድቶት ነበር። ምሕረት ሐሙስ ማታ ደውላ "ሆቴሉ ተስማማህ?" ስትለው ሊነግራት አፉን ሲከፍት መስመሩ ተቋረጠ። መልሶ ሊደውል ይችል ነበር። ይህ ግን ዓይን ለዓይን እየተያዩ የሚባል ነገር ነው ብሎ ተወው፤ በእርግጥም ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባጃጁ በር ላይ አወረዳት። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ሄደች። ቀይ ወጡና አልጫው ፍሪዘር ውስጥ ደርቀው ቁጭ ብለዋል። ዞር ስትል ምድጃው ላይ የተዘፈዘፈውን ድስት አየች።

"ማን መጥቶ ነበር?"

"ማንም። ራሴ ነኝ የሠራሁት። ሽሮ፣ ትናንት ደግሞ ምስር። ከውጭ አልበላሁም፤ አሸንፈሻል።"

ፊቷ በራ። ሁለት እጇን አጋጭታ ልትስቅ ስትል ዓባይነህ እጁን አነሳ። አሁን ካልነገራት መቼም እንደማይነግራት አውቆታል።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። እሁድ ሰምቼ ነበር። ነነዌ ነገ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እንዳትሄጂብኝ ብዬ ዝም አልኩ።"

ምሕረት እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቆመህ ነበር" አለች።

"አዎ።"

"ምን ተባለ ብዬ ጠየቅኩህ።"

"አዎ። አፍሬያለሁ፣ ምሕረት። ብቻዬን መሆን ፈርቼ ነው። ከእንግዲህ ክረምቱ ያንቺ ነው።"

"ክረምቱማ ድሮም የእኔ ነው" አለችው፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ፈተናውን አለፍኩ። ዓርብ ተመዝግቤ ነው የመጣሁት፣ መሸነፌን እያወቅሁ። ቃሌን እንዴት አድርጌ እንደማጥፍ ስጨነቅ ነው መንገዱን የጨረስኩት። አንተን የጠየቅኩህ እንድትፈቅድልኝ መስሎህ ነው? እንድትደሰትልኝ ነበር እኮ።"

ዓባይነህ "ደስ ብሎኛል" ቢል አሁን ማን ያምነዋል? ሻንጣዋን አንስቶ ግድግዳው ጥግ አስጠጋላት።

"ርቦኛል" አለች በመጨረሻ። "ሠራሁ ያልከውን እስቲ ሥራልኝ።"

ዓባይነህ ተንደርድሮ ድስት ጣደ። ሽንኩርቱን ከተፈ፣ በውሃ አበሰለ፣ ዘይት ጨመረ። ሽሮው ያለበትን ዕቃ ለማውረድ ጀርባውን ሰጥቶ ቁም ሣጥኑን ሲያመሳቅል ቆየ። ምሕረት እግሯን ዘርግታ ከወንበሯ ታየዋለች። ሽንኩርቱ ቀላ፤ ታየዋለች። ጠቆረ፤ ታየዋለች። ጭሱ ቤቱን ሲሞላው ነው ዓባይነህ ዘሎ ድስቱን ያወረደው።

"ምነው ምሕረት! እያየሽ? ምናለ ብትነግሪኝ?"

"ምንም" አለች ምሕረት።

ዓባይነህ ያረረውን ድስት እንደያዘ አያት። እሷም አየችው። ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ መለየት አልቻለም፤ እሷም ገና አልለየችም። ድስቱን አጥቦ፣ ሌላ ሽንኩርት አንስቶ መላጥ ጀመረ። ሦስተኛውን ልጣጭ ሲጥል ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማ። ምሕረት ተነስታ መጥታ አጠገቡ ቆመች፣ እሳቱንም ቀነስ አደረገችለት።