የማዕበል አማልክት ደጅ

ካሳነሽ በስደት በምትኖርበት ከተማ፣ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ካለው የመኪና ማቆሚያ ሥራዋን ጨርሳ፣ ጎኗን እንኳ ሳታሳርፍ አውሮፕላን ተሳፈረች። ጃፓን ስትደርስ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልበቃት ብሏል። የመጣችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ ኤልዳና የወለደቻትን ሕፃን ለመታቀፍ።

ነገሩ ግን ቀድሞ ተበላሽቷል። የኤልዳና ባል ወገኖች ሕፃን ወር ሲሞላት፣ ማዕበልና ነፋስ ያዛሉ ለሚሏቸው አማልክት ወደተሠራው ጥንታዊ መቅደስ ይወስዷታል። ታቅፋት የምትገባው የአባትየው እናት ናት። ካሳነሽ ይህን በቫይበር ስትሰማ፣ «ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ሳትነሳ ጣዖት ቤት?» ብላ ጮኸች። ፌርፋክስ የሚኖሩ የአገሯ ሴቶችም «እንዳትገቢ!» ብለው አሟሟቋት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጩኸቱ ተተርጉሞ ከአማቲቱ ጆሮ ደረሰ።

ቀኑ ተቆርጦ ነበርና ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ መቅደሱ ነዱ። አማቲቱ ሕፃኗን ከደረቷ አላወረደችም። ካሳነሽ እጇን ስትዘረጋ ጎንበስ ብላ ፈገግ ትላለች፤ አትሰጥም። ካሳነሽን መቆጣቱም መለመኑም ደከማት።

በካፊያ ከትልቁ የእንጨት በር ደረሱ። ካሳነሽ ውጭ ልትቆም ቆርጣለች። ግን እንቅልፍ ናላዋን አዙሮታል፤ የሚታያት ደጅ፣ ዛፍና ጸጥታ ብቻ ነው። ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች። አማተበችና ግንባሯን ከምሰሶው አስነክታ ሳመችው፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኗ ደጅ እንደምታደርገው።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ስትነቃ። ለጣዖት ልትሰግድ ውቅያኖስ የተሻገረች መሰላት።

ቀና ስትል አማቲቱ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። አንድ ነገር ተናገረችና ሕፃኗን ዘረጋችላት።

«እማዬ፣ ‹የእኛን በር እንዲህ ካከበረች እሷ ይዛት ትግባ› ነው የምትለው» አለች ኤልዳና ግራ ተጋብታ። «ሶ... ሚስቴክ ነው ብዬ ኤክስፕሌን ላድርግላት?»

ካሳነሽ ሕፃኗን አየቻት። አፍንጫዋ የካሳነሽ የሟች አባት አፍንጫ ነው፤ ቁርጥ እሱን።

«ዝም በይ» አለች፣ ተቀብላ ከደረቷ እያስጠጋቻት። «ንስሐ አባቴ ስግደት ይዘዙብኝ፤ እሰግዳለሁ። አሁን ጃንጥላውን ያዢልን።»