ሚሽሚሽና ጥቁር ሻይ

ልጄ ማዕዶት አሥር ዓመት ሲሆናት የፎቃችንን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ መውጣት አቃታት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ዘገየችብኝና ስወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

በማግስቱ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ ጣቷን ወግታ ደሟን ለካችና ስምንት ነው አለችኝ፤ ከአሥራ አንድ በላይ መሆን ነበረበት። ለደም የሚሆን የብረት ሽሮፕ ሰጠችኝ፤ ጉበትም አብዪያት አለች። ጊዜው ግን የዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር። የንስሐ አባታችን የታመመ ልጅ አይጾምም ይሉ ነበር፤ ማዕዶት ግን እዚያው አልበላም አለች። ነርሷም ተስፋ ቆርጣ ምስር፣ ጎመንና የደረቀ አፕሪኮት ስጫት ብላ የቀረውን በስዋሂሊ በፍጥነት ነገረችኝ። እኔ የልጄን ከንፈር እያየሁ ግማሹን አልሰማሁም። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጠችኝና ሁሉም እዚህ ላይ አለ አለችኝ። እሺ አልኩ።

ያኔ የአማርኛ ፊደል ለይቼ እንግሊዝኛውን ገና መጀመሬ ነበር። ማዕዶት ልታነብልኝ ትችል ነበር። ነገር ግን ክፉ ነገር ተጽፎበት ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። ምንድን ነው ስትለኝ የክፍያ ሪሲት ነው አልኳትና ከሽሮው ጣሳ ሥር ደበቅሁት።

አፕሪኮት ምን እንደሚመስል ስለማላውቅ ጎረቤታችን ያለችውን ሶማሌ ባለሱቅ ጠየቅኋት። ሴትየዋ ስቃ እነሱ ሚሽሚሽ እንደሚሉት ነገረችኝና አንድ ፍሬ አቀመሰችኝ፤ መጀመሪያ ይኮመጥጣል፣ ኋላ ይጣፍጣል። ብርቱካናማ ሆኖ የሚያበራውን ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። እሱ ቀለሙ እንዳይጠፋ መድኃኒት የነካው ነው፣ ቡናማውን ውሰጂ አለችኝ።

ማዕዶት አንዱን አገላብጣ አየችው።

«ማሚ፣ ሲታኪ፣ አልፈልግም። የሽማግሌ ጆሮ ይመስላል።»

ለምኜ፣ ተቆጥቼ አልሆነም። በመጨረሻ እዚህ አገር ስትሩንጊ በሚሉት ወተት የሌለው ሻይ ውስጥ ቀቀልኩት። ወተት በጾም አይሆንም፤ ስለዚህ ሻዩን አጥቁሬ፣ ስኳር ጨምሬ ሰጠኋት። ጠጥታ ፍሬውንም ጨረሰችው። ደስ ስላለኝ ሽሮፑንም በዚያው ሻይ እንድታወራርደው አደረግሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ አላቋረጥንም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነርሷ ስትለካት ያው ስምንት ነው። በወረቀቱ መሠረት ነው የምትሰጫት ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። በሚቀጥለው ወር ካልጨመረ ደም እንዲሰጣት ወደ ትልቁ ሆስፒታል እልካታለሁ አለች። ስንመለስ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ የማዕዶትን እጅ ይዤ ምን እንዳጎደልኩ ሳስብ መውረጃችንን አለፍነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምሩን እትዬ ሉሊት ናቸው። በዚያ ሳምንት ከየቤታችሁ የተጻፈ ነገር ይዛችሁ ኑ ብለውን ነበር። አንዷ የመብራት ቢል አመጣች፣ ሌላዋ የሳሙና ካርቶን። እኔ ከጣሳው ሥር ያለውን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። በጣቴ እየተከተልኩ አንድ አንድ ፊደል ለቀምኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሻይ የሚለውን ቃል አገኘሁት። ከቤታችን በታች ባለው ካፌ መስኮት ላይ በየቀኑ የማየው ቃል ነው። ከፊቱ ያለውን ግን ሦስት ጊዜ ማንበብ ነበረብኝ፤ ከሻይ ጋር አትስጡ ይላል።

እትዬ ሉሊት አጠገቤ ቆመው ነበር። ሻይ ብረቱን ስለሚይዘው ሰውነት በደንብ አያገኘውም ብለው አስረዱኝ።

«ጌጤ፣ አንቺ በምን ነበር የምትሰጫት?»

«በሻይ፣ እትዬ። ሽሮፑንም።»

እሳቸው ጣቴን አንስተው ቀጣዩ መስመር ላይ አኖሩት።

«ታዲያ አሁን ምን ያስቆምሻል? ገና ሁለት መስመር ይቀርሻል።»

የቀረው ሎሚ ወይም ብርቱካን አብራችሁ ስጡ፣ እሱ ያግዛል የሚል ነበር።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ለማዕዶት ሰጠኋት። በአንድ ትንፋሽ አነበበችው።

«ይሄ ሪሲት አይደለም፣ ማሚ።»

አይደለም አልኳት፤ የደበቅሁትም ፈርቼ እንደሆነ ነገርኳት። ጥቂት አኮረፈችኝ። ከዚያ ተነሥታ የግድግዳውን ሰዓት አየችና ከምግብ በፊትም በኋላም አንድ ሰዓት ሻይ የለም ብላ ሕግ አወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሚሽሚሹን ማታ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ሲነጋ አብጦ ይለሰልሳል። ከትፌ በአጃ ገንፎ ላይ አደርገውና ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ለምሳ ምስር ወጥ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ስጨምር የበርበሬውን ኃይል ያበርደዋል። አንድ ቀን ከሩዝ ጋር ቀቀልኩት፤ ማዕዶት ጆሮው ሲበስል ይጣፍጣል ብላ ድስቱን ጠረገችው። ሽሮፑን በብርቱካን ጭማቂ ትወስዳለች። እኔ ሻይ ስቀዳ ደግሞ ስትሩንጊሽን ይዘሽ ወደዚያ ራቂ ትለኛለች።

ለሆሳዕና ሦስት ቀን ሲቀረው ክሊኒክ ሄድን። ነርሷ መሣሪያውን ሁለት ጊዜ አየችው። አሥር ነጥብ አንድ። አሥራ አንድ ባይሞላም ሆስፒታል መሄዱ ቀረ፤ ሽሮፑ ይቀጥል፣ ለፋሲካ ደግሞ ጉበቱን ትብላ አለች። ምን ለውጠሽ ነው ብላም ጠየቀችኝ። ወረቀቱን አነበብኩት አልኳት።

አዲስ ወረቀት ጽፋ ስትዘረጋው ማዕዶት እጇን ሰደደች። ቀድሜ ተቀበልኩ።

«ቆይ፣ እኔ ልጀምር። ስሳሳት ታርሚኛለሽ።»

ውጪ አግዳሚው ላይ ተቀመጥንና የመጀመሪያውን ቃል መልቀም ጀመርኩ።